በረዶ ካልጣለ ሥራ የለም፦ የሚሺጋን ግንድ ቆራጮች ካምፕ በ19ኛው ክፍለ ዘመን

አንድ ያረጀ ነጭ ጥድ ቁመቱ ከ40 ሜትር ያልፋል። ዛፉ ተጥሎ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ፣ በአምስት ሜትር ገደማ ሲቆራረጥ ከታች በኩል ያለው አንዱ ቁራጭ ብቻ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ከጫካው እስከ መሰንጠቂያው ፋብሪካ ያለው መንገድ አንዳንዴ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መኪና የለም፤ ትራክተር የለም፤ ክሬን የለም። ያለው የሰው ክንድ፣ በሬ፣ ፈረስና ወንዝ ነው። በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ የአሜሪካን የመካከለኛው ምዕራብ ከተሞች የገነባው ጣውላ ከሚሺጋን፣ ከዊስኮንሲንና ከሚኒሶታ ደኖች የወጣው በዚህ መንገድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።)

እንዴት ቻሉ? መልሱ ብርዱ ነው። የካምፑ አኗኗር፣ የሥራው ሰዓት፣ ምግቡ፣ የደመወዙ አከፋፈል፣ ሠራተኛው መቼ ከቤቱ ወጥቶ መቼ እንደሚመለስ፣ ሁሉም በበረዶና በውርጭ የተወሰነ ነበር። ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ ጉልበታቸውና ድፍረታቸው ይነሳል። እኔ ግን ብልሃታቸው ይበልጥ ሊነገር ይገባዋል እላለሁ። ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ የሚወርደውን ቅዝቃዜ ተቋቁመውት ብቻ አልቀሩም፤ ሥራ አሠሩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከዛፉ ነው። ነጭ ጥድ (ከሐበሻው ጥድ ሌላ ዝርያ ነው) ግንዱ ቀጥ ያለ፣ እንጨቱ ቀላልና ለመጋዝም ለመላጊያም የማያስቸግር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ባቡር ባልደረሰበት አገር ዋጋውን የሚወስነው ይኸው ነው። ከአጠገቡ የቆሙት እንደ ሜፕልና ኦክ ያሉ ከባድ ዛፎች በወንዝ ሲነዱ ብዙዎቹ ይሰምጣሉ፤ ስለዚህ ቆራጮቹ ለረጅም ጊዜ አልፈዋቸው ይሄዱ ነበር።

ገበያው ደግሞ ወደ ምዕራብ ተከፈተ። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር (65 ሄክታር ያህል) መሬት ይሰጥ ስለነበር ሕዝቡ ዛፍ ወደሌለበት ሜዳ ጎረፈ። ቤት፣ ጎተራና አጥር የሚሠራበት ጣውላ ከሚሺጋን በመርከብ የሚሺጋን ሐይቅን አቋርጦ ቺካጎ ይደርሳል፤ ከዚያ በባቡር ይበተናል። ቺካጎ ራሷ በኦክቶበር 1871 ተቃጥላ እንደገና ስትሠራ ፍላጎቱ የበለጠ ናረ። ከ1870 ገደማ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ሚሺጋን በአሜሪካ አንደኛዋ ጣውላ አምራች ነበረች።

ደኑ ግን ባለቤት ያልነበረው ባዶ ምድር አይደለም። የኦጂብዌ፣ የኦዳዋና የሜኖሚኒ ሕዝቦች አገር ነበር። በ1819 በሳጊኖ፣ በ1836 በዋሽንግተን፣ በ1837 ደግሞ ዊስኮንሲንንና ሚኒሶታን በሚመለከት በተፈረሙ ውሎች መንግሥት መሬቱን ከእጃቸው አወጣው። የ1837ቱን ውል ብዙዎች እስከ ዛሬ «የነጭ ጥድ ውል» ይሉታል፤ የተፈለገው ምን እንደነበር ስሙ ይናገራል። ከዚያ በኋላ መንግሥት አንዱን ኤከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠሩ ዛፎች የቆሙበት መሬት በዚህ ዋጋ መሄዱን ሳስብ ኋላ የተገኘው ሀብት ከየት እንደመጣ ግልጽ ይሆንልኛል።

ካምፑ ሲቆም

መጀመሪያ ደኑ ውስጥ የሚገባው ገማቹ ነው። ኮምፓስና ስንቅ ይዞ፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር ሳምንታት እየተጓዘ፣ ጥዱ ምን ያህል ጣውላ እንደሚወጣው በዓይኑ ይገምታል። የእሱ ግምት ከተሳሳተ ኩባንያው ይከስራል። መሬቱ ከተገዛ በኋላ በመኸር ወራት ጥቂት ሰዎች ቀድመው ሄደው ካምፑን ይሠራሉ። ቦታው ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታያል፤ ጥዱ በብዛት የቆመበት መሆኑ፣ ግንዱን የሚወስድ ወንዝም ቅርብ መሆኑ።

በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ካምፕ ማለት አንድ ጎጆ ነበር። ሃያ የማይሞሉ ሰዎች መሐል ላይ በሚነደው እሳት ዙሪያ ይተኛሉ፤ ጢሱ ጣሪያው ላይ በተተወ ቀዳዳ ይወጣል። በ1880ዎቹ ግን ካምፑ ከ50 እስከ 100 ሰው የሚይዝ ትንሽ መንደር ሆኗል። መኝታ ቤት፣ ማብሰያና መመገቢያ ቤት፣ የፈረሶች ጋጣ፣ የአንጥረኛ ቤት፣ እንዲሁም ጸሐፊው የሚያድርበትና ትንባሆ፣ ካልሲና ጓንት የሚሸጥበት ቢሮ አለው። ግድግዳው ያልተላጠ ግንድ ነው፤ ስንጥቁ በጭቃና በዛፍ ሽበት ይደፈናል። ደኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚያልቅ ስለሚታወቅ ማንም እንዲቆይ አድርጎ አይሠራውም።

ሠራተኛው ከየት መጣ? ብዙው ገበሬ ነው። እርሻው በረዶ ሲለብስ ሥራ ስለማይኖረው ከኅዳር እስከ መጋቢት ወደ ደን ይወርዳል። ሚስቱ ልጆቹንና ከብቱን ይዛ ያን ሁሉ ወራት ብቻዋን ቤት ታስተዳድራለች፤ የካምፑ ታሪክ ሲነገር የእሷ ድካም አብሮ አለመነገሩ ያሳዝነኛል። ከገበሬው ሌላ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ካለችው ከሜይን ግዛት ደኖች የመጡ ልምድ ያላቸው ቆራጮች፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን፣ አይሪሾች፣ ስኮትላንዳውያን፣ ጀርመኖች፣ ኖርዌጃውያን፣ ስዊድናውያንና ፊንላንዳውያን ነበሩ። የኦጂብዌና የሜኖሚኒ ሰዎችም በገዛ አባቶቻቸው ደን ውስጥ በደመወዝ ይቆርጡ ነበር።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት

ፈረስ ነጂዎቹ ከሁሉ ቀድመው ይነሳሉ፤ እንስሶቹ መብላትና መጫን አለባቸው። ቀጥሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የአብሳዩ ረዳት ረጅም የቆርቆሮ ጥሩምባ ይነፋል። ሰዉ ልብሱን ለብሶ ስለሚተኛ ለመነሳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ገና ጨለማው ሳይገፍ ቁርስ በልቶ ይወጣና ጎህ ሲቀድ ዛፉ ሥር ይደርሳል። የሥራው ቀን የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በብርሃን ነው፤ ማየት ከተቻለበት እስከማይቻልበት።

በካምፑ ውስጥ ከፎርማኑ ቀጥሎ የሚከበረው ምግብ አብሳዩ ነው። ነገሩ የሆድ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ መጋዝ የሚስብ ሰው ዛሬ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከሚበላው እጥፍና ከዚያም በላይ መብላት አለበት፤ አለበለዚያ ሰውነቱ አይሞቅም፤ ክንዱም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ምግቡ ጨዋማ የአሳማ ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ ድንች፣ በሞላሰስ የጣፈጠ ፓንኬክ፣ ዳቦ፣ ዶናት፣ የደረቀ ፖምና ፕሪም፣ ጥቁር ሻይ ነው። ቦሎቄው በብረት ድስት ተከድኖ ፍም በሞላበት ጉድጓድ ይቀበርና ሌሊቱን ሲበስል ያድራል። በቀደሙት ዓመታት ጨው፣ ስብና ቦሎቄ ብቻ ነበር፤ መንገዱና ባቡሩ ሲሻሻል ትኩስ ሥጋና አትክልት መግባት ጀመረ። አንድ ካምፕ ምግቡ መጥፎ ነው ተብሎ ስሙ ከወጣ ጥሩ ቆራጮች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ብልህ ፎርማን አብሳዩን ከተራው ሠራተኛ እጥፍ ያህል የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ማዕድ ላይ ወሬ ክልክል ነበር። ቅቤውን አቀብለኝ ከማለት በቀር ቃል አይወጣም። ይህ ሕግ ለእኛ፣ ማዕድ ማለት ጨዋታ ለሆነብን ሰዎች፣ ጭካኔ ይመስላል። አብሳዩ ግን ምክንያት ነበረው። ሰባና ሰማንያ ሰው በሩብ ሰዓት በልቶ መነሳት አለበት፤ ረዳቶቹ ሳህኑን አጥበው ወዲያው የምሳውን ዳቦ መጋገር ይጀምራሉ። ወሬ ደግሞ ክርክር ይወልዳል፤ ክርክሩ ጠብ ይሆናል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ወር አብረው የሚኖሩ ሰዎች መካከል ጠብ ከገባ አይወጣም። ምሳው በበረዶ ጋሪ ተጭኖ ደን ድረስ ይሄዳል። ሰዉ ቆሞ ወይም ግንድ ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ ፈጥኖ ያልበላ ቦሎቄው ሳህኑ ላይ ይረጋበታል።

ዛፉ ሲወድቅ

እስከ 1870ዎቹ ድረስ ዛፍ የሚጣለው በመጥረቢያ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰው የሚሳበው ረጅም መጋዝ ቦታውን ወሰደ። ለውጡን ያመጣው የጥርሱ አሠራር ነው። ተራው የመጋዝ ጥርስ የእንጨቱን ጭረት ይበጥሳል፤ የተበጠሰው ግን መስመሩ ውስጥ ተጠቅጥቆ መጋዙን ይይዘዋል። አዲሱ መጋዝ በጥርሶቹ መሐል ሰጋቱራውን ጠርጎ የሚያወጣ ሌላ ዓይነት ጥርስ ተጨመረለት፤ ያኔ ወፍራሙን ዛፍ በደቂቃዎች መቁረጥ ተቻለ። ሙጫው መጋዙን ሲይዘው ላምባ ይረጩበታል። ለዚህም ቆራጩ ላምባ የሞላ ጠርሙስ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል።

ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ የሚወስነው መጥረቢያው ነው። መውደቅ ባለበት በኩል ከግንዱ ላይ ሽብልቅ የመሰለ ጉርድ ይወጣለታል፤ ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ከጀርባው በኩል መጋዙን ይስባሉ፤ ከመጋዙ ኋላ ሽብልቅ እየመቱ ዛፉን ወደ ጉርዱ ይገፉታል። ከዚያ ወዲያ ሩጫ ነው። አደገኛው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ዛፍ አይደለም፤ እሱ ሲወርድ ከጎረቤቱ ዛፍ ላይ ሰብሮ የተወው፣ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ድንገት የሚወርደው ቅርንጫፍ ነው። ቆራጮቹ ሚስት የሚያስቀር ባል የሚገድል እያሉ ይጠሩት ነበር። በቅዝቃዜው የደረቀ ቅርንጫፍ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር ይኸኛው አደጋ በበረዶ ወራት ይብሳል።

መጋዙን የሚስለው ሞራጁ መስኮት ካለበት ትንሽ ጎጆ ቀኑን ሙሉ አይወጣም። ያልተሳለ መጋዝ የሁለት ሰው ቀን ያባክናል፤ ስለዚህ የሞራጁ ደመወዝ ከፍ ያለ ነው። ወድቆ የተቆራረጠውን ግንድ አንድ ፈረስ በሰንሰለት እየጎተተ ወደ መቆለያው ያመጣዋል። እዚያ ለኪው በመለኪያ ዘንግ የጫፉን ስፋት ለክቶ ስንት ቦርድ ፉት እንደሚወጣው ይመዘግባል፤ አንድ ቦርድ ፉት ማለት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ነው። ቀጥሎ ፊደል ወይም ምልክት በተቀረጸበት መዶሻ የግንዱ ጫፍ ይመታል። ወንዙ የሁሉም ነው፤ የብዙ ኩባንያ ግንድ ተቀላቅሎ ስለሚወርድ ባለከብት ከብቱን እንደሚተኩስ ባለግንድም ግንዱን ያትማል። ማኅተሙ በሕግ መዝገብ ይገባ ነበር፤ ሌባ ደግሞ ማኅተም ያለበትን ጫፍ ቆርጦ ጥሎ የራሱን ይመታበታል።

የበረዶው መንገድ

የጠቅላላው ሥራ ልብ እዚህ ነው። ከመቆለያው እስከ ወንዙ ዳር ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የሚታለፉት በበረዶ ጋሪ ነው። ጋሪው መንኮራኩር የለውም፤ ብረት በተለበጠ ወፍራም የእንጨት እግር ላይ ይንሸራተታል። ልቅ በረዶ ላይ ግን ከባድ ጭነት ይሰምጣል። ስለዚህ መንገዱን ራሳቸው ይሠሩታል። ለጋሪው እግሮች ሁለት ትይዩ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ሌሊት ሌሊት ትልቅ የውኃ ሳጥን የጫነ ጋሪ እየጎተቱ ቦዩ ውስጥ ውኃ ያፈሳሉ። ውኃው ሌሊቱን ይረጋና ሲነጋ ሁለት የመስተዋት ሐዲድ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ላይ ሁለት ፈረሶች ብቻ ብዙ ቶን ግንድ ይጎትታሉ፤ ያንኑ ጭነት ደረቅ አፈር ላይ ሃያ ፈረስ አይነቀንቀውም።

ይህን መንገድ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከካምፑ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውም እነሱ ናቸው። ከሥራቸው አንዱ የፈረስ ፋንድያ ከቦዩ ውስጥ መልቀም ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የጋሪው እግር ግን ፋንድያ ላይ ሲወጣ ይይዘውና ከባዱን ጭነት ያቆመዋል፤ አንዴ የቆመውን እንደገና ማስነሳት ደግሞ ከባድ ነው። ቁልቁለት ላይ ሥራው ይገለበጣል። ጭነቱ ፈረሶቹን አልፎ እንዳይወርድባቸው መንገዱ ላይ ድርቆሽ ወይም አሸዋ ይበተናል። በጣም ከተበተነ ጋሪው መሐል ላይ ይቆማል፤ ካነሰ ፈረስም ነጂም ይጨፈለቃሉ። በእኔ ግምት በካምፑ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልክ ማወቅ የሚጠይቅ ሥራ አልነበረም፤ ክፍያው ግን የመጨረሻው ነበር።

የበረዶው መንገድ ምን ያህል እንደሚሸከም በ1893 አንድ ማሳያ ተደርጎለት ነበር። ለቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተብሎ በሚሺጋን ሰሜናዊ ክፍል፣ በኦንቶናጎን አውራጃ፣ 50 ግንድ በአንድ ጋሪ ላይ ተቆልሎ በሁለት ፈረሶች ተጎተተ። ልኩ 36,055 ቦርድ ፉት ነበር፤ ወደ ቺካጎ ሲሄድ ዘጠኝ የባቡር ፉርጎ አስፈልጎታል። በተራ ቀን እንዲህ አይጫንም፤ ይህ ለትዕይንት ነው። ቢሆንም በደንብ የረጋ ቦይ ሰበቃን ምን ያህል እንደሚያጠፋ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ምሽቱን በአጭሩ ልለፈው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ዙሪያ የሃምሳና የስልሳ ሰው እርጥብ ካልሲ ተሰቅሎ ይተናል። አልጋው ተደራራቢ ሳንቃ ነው፤ ፍራሹ ድርቆሽ፤ ሁለት ሁለት ሰው አብሮ ይተኛል፤ ቅማልና ትኋን የሌለበት ካምፕ አይገኝም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራቱ ይጠፋል። መጠጥ በአብዛኛው ካምፕ ክልክል ነው። ቅዳሜ ማታ ቫዮሊን ወይም ሃርሞኒካ ያለው ይጫወታል፤ ሴት ስለሌለ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረው የሴቷን ቦታ ይዞ ይጨፈራል። እሑድ ልብስ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው ደብዳቤ ይጽፍለታል።

ገንዘቡ

በ1880ዎቹ አንድ ተራ ቆራጭ ከምግብና ከመኝታ ሌላ በወር ከ20 እስከ 30 ዶላር ያገኝ ነበር። ይህ ገንዘብ ግን በየወሩ እጁ አይገባም፤ የሚከፈለው በጸደይ፣ ካምፑ ሲፈርስ ነው። ለቀጣሪው ሁለት ጥቅም አለው። ሠራተኛው ወቅቱ ሳያልቅ ጥሎ አይሄድም፤ ባለካምፑም ግንዱ እስኪሸጥ ብድር ሳይጨምር ይቆያል። በሌላ አነጋገር ደን ውስጥ ያለው ድሃ ለከተማው ባለሀብት የአራት ወር ብድር ያለ ወለድ ይሰጠው ነበር። አንዳንዱ በገንዘብ ፈንታ ወደፊት የሚመነዘር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቀኑ ሳይደርስ ለመመንዘር ከፈለገ ከላዩ ይቆረጥበታል።

ጉዳት ቢደርስበት ካሳ የለም። የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ሕግ በዊስኮንሲን የወጣው በ1911፣ በሚሺጋን በ1912 ነው፤ ያኔ የጥድ ዘመን አልፎ ነበር። ያንን ክፍተት በከፊል የሸፈኑት የካቶሊክ ደናግል ናቸው። በየካምፑ እየዞሩ የሆስፒታል ቲኬት ይሸጡ ነበር፤ በጥቂት ዶላር ቲኬቱን የገዛ ሰው በዓመቱ ውስጥ ቢታመም ወይም ቢጎዳ ሆስፒታላቸው ያክመዋል። የሥራው ባለቤቶች ያልሠሩትን የጤና መድን መነኮሳቱ በበረዶ ውስጥ በእግራቸውና በጋሪ እየሄዱ ሠሩት።

ወንዙ ሲከፈት

በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፤ ሲከማች የከረመው ግንድ ሁሉ ይገባበታል። ትንሹ ጅረት ላይ ግድብ ተሠርቶ ውኃው ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ግንዱ በጎርፉ ላይ ይወርዳል። ብርዱ ያኔ ሁለተኛ ሥራውን ይሠራል፤ ያ የቀለጠው በረዶ ነው ማጓጓዣው።

ግንድ ነጂዎቹ ተረከዙና ሶሉ ሹል ሚስማር የተተከለበት ጫማ አድርገው በሚንከባለለው ግንድ ላይ ይራመዳሉ። እጃቸው ላይ ያለው ጫፉ የሾለና ተንቀሳቃሽ መንጠቆ ያለው ዘንግ ነው። ዘንጉን በ1850ዎቹ መጨረሻ የሠራው የሜይኑ አንጥረኛ ጆሴፍ ፒቪ ነው፤ እስከ ዛሬም ፒቪ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ገና ከበረዶ በወጣ ውኃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ይቆማሉ። ወጥ ቤታቸው በታንኳ ተጭኖ ይከተላቸዋል። ግንዱ መታጠፊያ ላይ ተቆልፎ ሲቆለል የያዘውን ዋና ግንድ ፈልጎ ማላቀቅ የእነሱ ድርሻ ነው፤ ሲላቀቅ ቁልሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ የነበረ ሰው ወደ ዳር ካልዘለለ አይገኝም። ስለዚህ ከቆራጩ ይልቅ የነጂው የቀን ክፍያ ይበልጣል።

በ1883 ጁላይ ላይ ከባድ ዝናብ ግራንድ ወንዝን አስሞልቶ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ላይ ቁጥሩ የማይገመት ግንድ ተቆለለ፤ ሲለቀቅ የባቡር ድልድዮቹን ጠራርጎ ሄደ። በተለመደው ጊዜ ግን ግንዱ ወንዙ አፍ አጠገብ በተንሳፋፊ አጥር ይያዛል፤ ሠራተኞች ማኅተሙን እያዩ ለየባለቤቱ ይለያሉ። ከዚያ መሰንጠቂያው ይቀበለዋል። ሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖቻችን የምታውቋት ስቲልዋተር በዚሁ ሥራ ነው ያደገችው፤ ሚኒያፖሊስም በሴንት አንተኒ ፏፏቴ ኃይል በሚሠሩ መሰንጠቂያዎችና የዱቄት ፋብሪካዎች ዙሪያ የቆመች ከተማ ናት።

ብዙዎቹ ሠራተኞች በበረዶ ወራት ደን ውስጥ፣ በሞቃቱ ወራት መሰንጠቂያ ውስጥ ነበሩ። በ1885 ጁላይ በሳጊኖ ሸለቆ ሥራ አቁመው «ዐሥር ሰዓት ወይም ሰጋቱራ የለም» ብለው ወጡ። የቀኑ ሥራ ወደ ዐሥር ሰዓት እንዲወርድ የጠየቁት ደን ውስጥ ከብርሃን እስከ ጨለማ መሥራት ምን እንደሆነ ያወቁ ሰዎች ናቸው።

በረዶው ሲቀር

የዚህ ሁሉ አሠራር ድካሙ አንድ ነው፤ በረዶ ካልጣለ ግንዱ ጫካ ውስጥ ይቀራል። በ1876 ስኮት ጌሪሽ የተባለ የሚሺጋን ባለደን በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አየ። ተመልሶ ከሌክ ጆርጅ እስከ መስኪገን ወንዝ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድ አነጠፈ፤ በ1877 ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ የመጣው የ1877–78 የበረዶ ወቅት እንደሌላው ጊዜ አልቀዘቀዘም። የሌሎቹ ግንድ ጭቃ ውስጥ ሲቀር የእሱ ወንዝ ደረሰ። ያን ያየ ሁሉ ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ። ኤፍሬም ሼይ ደግሞ በ1881 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን፣ ኃይሉ በጥርስ ማሽን ለሁሉም መንኮራኩር የሚደርስ ባቡር አመጣ፤ ይህ ባቡር በችኮላ በተነጠፈ ጠማማ ሐዲድ ላይ ሽቅብ መውጣት ይችላል። በማኒስቲ ከተማ ሳይላስ ኦቨርፓክ ሦስት ሜትር የሚደርሱ መንኮራኩሮች እየሠራ ሸጠ፤ ግንዱ ከአክስሉ ሥር ተንጠልጥሎ በደረቅ መሬት ላይም ይጎተታል።

ብርዱ እስካለ ድረስ ደኑ ጠባቂ ነበረው ማለት ነው። ሥራው በዓመት ለአራት ወር ብቻ ነው፤ ከወንዝ የራቀው ዛፍ አይነካም፤ የማይንሳፈፈው ዛፍ ይተዋል። ባቡሩ ሦስቱንም አጥር አፈረሰ። ከዚያ በኋላ የቆመ ሁሉ ተቆረጠ፤ ሜፕሉም አልቀረ።

ቆራጮቹ ትተውት የሚሄዱት ቅርንጫፍና ጫፍ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ደርቆ እሳት ይጠብቃል። ኦክቶበር 8 ቀን 1871፣ ቺካጎ በተቃጠለችበት በዚያው ምሽት፣ የዊስኮንሲኗ ፔሽቲጎ በእሳት ጠፋች፤ የሞቱት ቢያንስ 1,200 ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ዓለም የሚያስታውሰው የቺካጎን ነው። በ1881 የሚሺጋን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በ1894 የሚኒሶታዋ ሂንክሊ ተከተሉ፤ በሂንክሊ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

በ1900 ገደማ የሚሺጋን ጥድ አብቅቶ ነበር። ዛሬ ግሬይሊንግ አጠገብ ባለው የሃርትዊክ ፓይንስ ፓርክ 49 ኤከር ያህል ያልተቆረጠ ጥድ ቆሟል፤ የቀድሞውን ዓይነት ካምፕ የሚያሳይ ሙዚየምም አለ። ከዚህ ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ በዊስኮንሲን የሜኖሚኒ ሕዝብ መሬት ነው። እነሱም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ይቆርጣሉ፤ መሰንጠቂያም አላቸው። የሚቆርጡት ግን ደኑ በሚያድገው ልክ ነው፤ የታመመውንና ያረጀውን አስቀድመው። ዛሬ መሬታቸው ላይ የቆመው እንጨት በ1854 ክልላቸው ሲወሰን ከነበረው ይበልጣል። ጥዱ ማለቁ የማይቀር ነበር ለሚሉ ሰዎች መልሱ እዚያው ዊስኮንሲን ውስጥ በሥራ ላይ ነው።

ሠራተኞቹ ግማሹ ጉቶ የሞላበትን መሬት ከኩባንያው ገዝቶ ለማረስ ሞከረ፤ አሸዋማው አፈር ብዙውን አባረረው። የቀሩት በምዕራብ ጠረፍ ወዳሉት የዋሽንግተንና የኦሪገን ግዛቶች ሄዱ። በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በጥድ የበለጸገው ፍሬድሪክ ዋየርሃውዘርም በ1900 ከሸሪኮቹ ጋር በዋሽንግተን ግዛት 900,000 ኤከር ደን ከባቡር ኩባንያ ገዛ። እዚያ የሚዘንበው ዝናብ ነው፤ ግንዱን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነው፤ ሥራውም ዓመቱን ሙሉ ነው።